ለቤት ወርክሾፕ ካሊፐር፦ ዲጂታሉ ወይስ በመስመር የሚነበበው? (ጎንደር፣ 34 መልስ)

ሰላም ናችሁ። ሰርቪስ ቤቷን ወርክሾፕ አድርጌ የድሮ ሲንጀር ስፌት መኪና እየፈታሁ የማድስ ሰው ነኝ፣ ለገንዘብ ሳይሆን ሱስ ሆኖብኝ ነው። ሞርሳ አለኝ፣ የጠረጴዛ ትራፓኖ አለኝ፣ ከሰው የገዛኋት ትንሽ ቶርኖም አለች፣ የሌለኝ መለኪያ ነው። ሜትርና ማስመሪያ ለእንጨት ይሁን፣ ዘንግ ቡሺንግ (የሚዞርበት ቀለበት) ውስጥ ሳይላላም ሳይጠብቅም እንዲዞር ከተፈለገ ግን መቶኛ ሚሊ የሚያሳይ ነገር ግድ ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካሉት ሱቆች ዲጂታል ካሊፐር (ዕቃውን በሁለት መንጋጋ ይዞ የሚለካ) አየሁ፣ 0.01 ድረስ ያነባል፣ ዋጋውም አይጎዳም፤ አጠገቡ በመስመር የሚነበብ ባለ 0.02 አለ፣ እሱ እንዲያውም ትንሽ ወደድ ይላል። ሌላ ሰው ደግሞ አሮጌ ማይክሮሜትር (ብሎን እያዞሩ የሚለኩበት) ከነሳጥኑ ልሽጥልህ እያለ ይጎተጉተኛል። ኪሴ አሁን የሚችለው አንዱን ነው፣ የትኛውን ልያዝ?

ግሩፑ ላይ የጠየቅኩት ይሄው ነበር። መልሱ 34 ደርሶ ቆመ፣ አዲስ የሚገባው ሁሉ ደግሞ ወደ ላይ ሳያነብ ያንኑ እየጠየቀ ስለሆነ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ እዚህ ላስቀምጠው።

መልስ 1 ፒያሳ ሰዓት የሚጠግኑት ጋሼ ነበሩ። እንደ ልማዳቸው በሰላምታና በምርቃት ጀምረው፣ መሣሪያ ከመምረጤ በፊት የምለካውን ነገር እንድቆጥር መከሩኝ፦ የውጭ ልክ ነው የቀዳዳ ልክ ነው ወይስ ጥልቀት ነው፣ ትልቁስ ስንት ሚሊ ይደርሳል። ካሊፐር ሦስቱንም ይለካል፣ ይሄ የተለመደው ማይክሮሜትር ግን የውጩን ብቻ ነው፣ እሱን ግን አሳምሮ። እርሳቸው በመስመር የሚነበበውን እንደሚመርጡ፣ ባትሪ የሚባል ነገር አሳስቧቸው እንደማያውቅም ጨመሩ።

2ኛው ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለ ተማሪ ነው፣ ጋሼን በአክብሮት ተቃወማቸው። ዲጂታሉን የትም ቦታ ላይ ዜሮ ማድረግ ስለሚቻል ሁለት ዕቃ ለማነጻጸር ይመቻል፣ ደግሞ ሲንጀር የተሠራው በኢንች ነው፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሚሊውን ወደ ኢንች መገልበጥ ለእኔ ሥራ ትልቅ ነገር እንደሆነ አስረዳኝ። ልክ ነው።

መልስ 3 በዚህ ተስማምቶ የራሱን ታሪክ አመጣ። የስፌት መኪና ዘንግ ሲለካ 7.94 መጣለት፣ የ8 ሚሊ ዘንግ ተበልቷል ብሎ በብየዳ አስሞልቶ ቶርኖ አስገብቶ 8 አስደረገው፣ ከዚያ ቡሺንጉ ውስጥ አልገባ ብሎት እስካሁን ተቀምጧል። 4ኛው ነው የያዘው፣ በጨዋነት ደግሞ። የተበላ ዘንግ ዙሪያውን ከዳር እስከ ዳር እኩል አይበላም፣ ቡሺንግ የሚነካው ቦታ ላይ ነው የሚያንሰው፣ ስለዚህ ዘንጉ ሁሉም ቦታ ላይ 7.94 ካለ አልተበላም፣ 5/16 ኢንች ነው ማለት ነው፦ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ነው፣ ለ16 አካፍለህ በ5 ስታባዛው 7.9375። እንደዚሁ 6.35 ካየህ ሩብ ኢንች ነው፣ 9.52 ወይ 9.53 ካየህ 3/8 ነው። እኔ ይቺን ወረቀት ላይ ጽፌ ከሞርሳው በላይ ግድግዳ ላይ ለጥፌያታለሁ፣ የድሮ መኪና የሚነካካ ሰው ሁሉ ቢለጥፋት አይከፋም።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። መልስ 5 አዘዞ ቶርኖ ቤት ያለው ወንድማችን ነው፣ ገና ሲገባ በቁጣ ነው የገባው። ካሊፐር የብረት ነጋዴ ዕቃ ነው፣ ዘንግ እሠራለሁ የሚል ሰው ማይክሮሜትር ካልያዘ አርፎ ይቀመጥ፣ እናንተ በሆቢ ስም የምታበላሹትን ዕቃ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ነው የምታመጡት ባይ ነው። ነገሩ ሻካራ ቢሆንም ከእውነት የራቀ አይደለም።

6ኛዋ ቴክኒክና ሙያ የምታስተምረው እህታችን ናት፣ ውይይቱን ቁም ነገር ያስያዘችው እሷ ነች ብል አላጋነንኩም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የመጨረሻ አኃዝና መሣሪያው የሚምልበት ትክክለኛነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ነው የጀመረችው። ስመ ጥሩ የሆነው ባለ 150 ሚሊ ዲጂታል ካሊፐር ራሱ 0.01 እያሳየ ወረቀቱ ላይ ግን እስከ 0.02 ወደዚህም ወደዚያም ሊስት እንደሚችል ጽፎ ነው የሚሸጠው፣ ርካሹ ከዚያ ቢብስ እንጂ አይሻልም። ምክንያቱን ደግሞ ከኤርንስት አቤ ጋር አያያዘችው፣ ጀርመናዊው ሊቅ በ1890 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው መርህ ነው፦ የሚለካው ዕቃና ልኩ የሚነበብበት ማስመሪያ አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ትንሽ መጣመም ትልቅ ስህተት ይሆናል። ካሊፐር ላይ ቁጥሩ ያለው አግዳሚው ላይ ነው፣ ዕቃውን የሚነክሰው ግን ከሱ በታች ያለው የመንጋጋው ጫፍ ነው፣ አውራ ጣትህን ጠበቅ ባደረግክ ቁጥር ተንሸራታቹ በአንድ ጎኑ እንደሚጎተት መሳቢያ ጠመም ይላል። ስለዚህ ዕቃውን ወደ መንጋጋው ሥር አስጠግቶ፣ ጣትን ለስለስ አድርጎ። ማይክሮሜትር ላይ ግን ብሎኑና ዕቃው አንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ቂጭ ቂጭ የምትል ራቼት ደግሞ የማን ጣት እንደጨበጠው ሳታይ ግፊቱን እኩል ታደርገዋለች። ግን ባለ 25 ሚሊው ከ25 አይበልጥም፣ 40 ሚሊ ፑሊ ቢመጣ ሌላ ልትገዛ ነው።

7ኛው አሁንም የአዘዞው ነው። እሱ የሚያውቀውን ከወረቀት እንዳልተማረ፣ እጁ ከብረት ጋር እንዳደገ፣ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ ማውራት ቀላል እንደሆነ ደረደረ። 8ኛው አንድ ዝምተኛ አባል ነው፣ እህታችን እኮ የደገፈችው እሱን እንደሆነ፣ ተረጋግቶ ድጋሚ እንዲያነብ በአጭሩ ነገረው። ለጥቂት ጊዜ ፀጥ አለ።

ከ9 እስከ 12 ባጃጅ ነው። አንድ የባጃጅ ባለቤት የባልቦላ ክፍተት በካሊፐር ይለካ እንደሆነ ጠየቀ፣ አይለካም፣ ለሱ ፊለር ጌጅ የሚባሉት ስስ ላሜራዎች ናቸው ያሉት፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ትክክለኛዋን ላሜራ ስታስገባ ትንሽ ያዝ ልታደርግህ ይገባል፣ ልኩ የየሞዴሉ ማኑዋል ላይ አለ ተባለ። ወዲያው ወሬው ወደ ነዳጅ ሰልፍ ዞረና አስተዳዳሪው በር ዘጋበት።

መልስ 13 ስለ ባትሪ ነው፣ አጭር ግን ጠቃሚ። ብዙዎቹ ርካሽ ዲጂታሎች ስክሪናቸው ጠፍቶም ውስጥ ውስጡን ባትሪ ይበላሉ፣ ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ባትሪውን አውጥቶ ማስቀመጥ ነው። ሱቅ ሄደህ ባትሪ ስትል የሚሰጡህ ኤልአር44 ነው፣ እሱ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ኤስአር44 የሚባለው ግን እስኪያልቅ ድረስ 1.55 አካባቢ ስለሚቆይ ለካሊፐር እሱ ይመረጣል፣ መጠናቸው አንድ ነው። 14ኛው በዚህ ተመርኩዞ በመስመር የሚነበበው መብራት ኃይልንም ባትሪንም አይለምንም ብሎ ቀለደ፣ 15ኛው መለሰለት፦ መብራት ጠፍቶ በሻማ የ0.02 መስመር ከመስመር ገጥሞ ማንበብ የቻለ ሰው ካለ መጥቶ ያሳየን፣ ዲጂታሉ ቢያንስ ቁጥሩ ጎላ ይላል። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች እዚህ ላይ ብዙ ላይክ አድርገዋል፣ የፒያሳው ጋሼም ጭምር።

መልስ 16 የተበሳጨ ሰው ነው። ሚቱቶዮ የሚል ካሊፐር በሰው በሰው አስመጥቶ ሳጥኑ የሚያብረቀርቅ፣ ካሊፐሩ ግን መንጋጋው ተገጥሞ ወደ መስኮት ሲያዞረው በመሀሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆነበት፣ ዜሮውም በገጠመው ቁጥር ይለዋወጣል። 17ኛው የጃፓኑ ኩባንያ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ስሙ በመላው ዓለም በሀሰት የሚለጠፍበት እንደሆነ፣ ከሚገባው በጣም ረክሶ የመጣ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዋጋው እንደሆነ ነገረው። ደግሞ ስም የሌለው ነገር ግን በሐቀኝነት ርካሽ ነኝ የሚል ካሊፐር ከሀሰተኛ ባለ ስም ይሻላል አለ፣ በዚህ በጣም እስማማለሁ፣ ሀሰተኛው ላይ የከፈልከው ለብረቱ ሳይሆን ለፊደሉ ነው። 18ኛው ግን ጥፋቱ የገዢው ነው፣ ሳይለካ መለኪያ የሚገዛ ይገባዋል ብሎ ጨው ነሰነሰ። 19ኛው አስተዳዳሪው ነው፣ ሰው ላይ መሳለቅ እንደማይቻል አስጠነቀቀ።

ግን የ18ቱ ሰውዬ ክፋቱን ብናነሳለት ጥያቄው ትልቅ ነበር፦ መለኪያውንስ በምን ትለካዋለህ? ሱቅ ቆመህ፣ ባለሱቁ ፊትህ እያየህ?

መልስ 20 ላይ መጣ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ነው። አዲስ ኩሽኔታ ይዘህ ሂድ አለ። 6202 የሚለው ቁጥር ያለበት የትም ይገኛል፣ የቀዳዳው ልክ 15 ሚሊ ነው፣ የውጩ 35። በዓለም ደረጃ በተለመደው ጥራት የተሠራ ከሆነ ውጩ ከ35 ቢያንስ ከ11 ማይክሮን (የሚሊ ሺኛ) አያልፍም፣ ቀዳዳው ከ15 ቢያንስ ከ8 ማይክሮን አያልፍም፣ ከልኩ በላይ ደግሞ አይሄዱም። ያ ማለት ካሊፐሩ ራሱ በ0.02 ሊስት ስለሚችል በውጭ መንጋጋው ከ34.97 እስከ 35.02 መሀል ካላለህ፣ ያንን ደግሞ ኩሽኔታውን እያዞርክ ደጋግመህ ስትለካ ያንኑ ካልመለሰልህ፣ አመስግነህ መልስለት። በአንድ ኩሽኔታ ዋጋ ከማንም ሱቅ የማይገኝ ምርመራ ማለት ነው፣ እኔ እስካሁን ይሄንን የሚስተካከል ምክር እዚህ ግሩፕ ላይ አላነበብኩም።

21ኛው ወዲያው ሞክሮ ተመልሶ መጣ፣ ውጩ ደህና ነው፣ ስፋቱ ግን 11 መሆን ሲገባው 10.93 አለኝ፣ ወይ ካሊፐሬ ወይ ኩሽኔታው ሀሰተኛ ነው ብሎ ደነገጠ። 22ኛዋ መምህሯ ናት፦ ሁለቱም ደህና ናቸው። የኩሽኔታ ስፋት እንደ ዲያሜትሩ በጥብቅ አይያዝም፣ እስከ 0.12 ሚሊ ማነስ ይፈቀድለታል፣ ስለዚህ በስፋቱ ማንንም አትፈትኑ። ቀዳዳውን በትንንሾቹ የላይ መንጋጋዎች ስትለኩ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢመጣ አትደንግጡ፣ የመንጋጋዎቹ ጫፍ ስለት ሳይሆን ትንሽ ጠፍጣፋ ስለሆነ ክብ ቀዳዳ ውስጥ መሀል ለመሀል አይገጥምም፣ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ስህተቱ ይብሳል። የ20ው ልጅ ከሥር አንድ ነገር ጨመረ፣ አገልግሎት ላይ የነበረ ኩሽኔታ አይሆንም፣ አዲሱም ቢሆን የማሸጊያ ዘይቱ በጨርቅ ይጠረግ።

መልስ 23 ሙቀት ይዞ መጣ፣ ያው የማራኪው ተማሪ። የዓለም የልክ ማመሳከሪያ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሆነ፣ 100 ሚሊ ብረት በ10 ዲግሪ ልዩነት ከአንድ መቶኛ ሚሊ ትንሽ በለጥ ብሎ እንደሚረዝም አስልቶ አሳየን፣ ስለዚህ የቤት ውስጥ ልክ ሁሉ ከንቱ ነው ወደሚል ሄደ። 24 ላይ መምህሯ ስሌቱን አድንቃ መደምደሚያውን አልተቀበለችውም። መለኪያውም ዕቃውም ብረት ሆነው አንድ ጠረጴዛ ላይ ካደሩ አብረው ይረዝማሉ አብረው ያጥራሉ፣ ልዩነቱ ይጣፋል። ችግሩ አሁን ከቶርኖ የወጣ ትኩስ ዘንግ ስትለካ ነው፣ ወይም ማይክሮሜትሩን በመዳፍህ ጨብጠህ ስታሞቀው፣ ወይም ዕቃው አሉሚኒየም ሲሆን፣ አሉሚኒየም ከብረት እጥፍ ያህል ነው የሚለጠጠው። ሻይህን ጠጥተህ ስትመለስ ለካው። 25ኛው እንግዲያው ጎንደር ራሷ የልክ ክፍል ናት፣ አየሯ ከ20 ብዙም አይርቅም ብሎ ኮራ፣ 26ኛው መተማ የሚሠራ ሰው ነው፣ እኛ ጋ መጋቢት ላይ 40 ሲያልፍ ካሊፐሩን ቀርቶ ራሳችንን መያዝ አልቻልንም፣ እስኪ ኑና ኩሩ አላቸው።

27ኛው ፋሲል ግቢን አነሳ፣ ያለሱ ውይይት የለንም መቼም። በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ ከተማዋ መናገሻ ስትሆን የነበሩት ግንበኞች በክንድና በስንዝር ለክተው ያቆሙት እስከዛሬ ቆሟል፣ እናንተ በመቶኛ ሚሊ ትጣላላችሁ የሚል ነው። 28 ላይ የአዘዞው ተመለሰ፣ በዚህ አንዱ እንኳ ደስ አለኝ፦ ድንጋይና ድንጋይ መሀል ኖራ ይገባል፣ ጣት የሚያህል ቢሳሳትም ኖራው ይሞላዋል፣ ዘንግና ቡሺንግ መሀል የሚገባው ግን ዘይት ነው፣ የዘይቱ ውፍረት ደግሞ መቶኛዎች ናት። 29ኛው ስለ ጥምቀት ሆቴል ዋጋ ነው፣ ምን እንዳመጣው አይታወቅም።

30ኛው ረጅም ነው፣ የፒያሳው ጋሼ ናቸው፣ ስለዚያ አሮጌ ማይክሮሜትር። ያረጀ ማለት የተበላሸ ማለት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የእርሳቸው ከእኔ እድሜ እንደሚበልጥ ካሉ በኋላ ምን ምን እንዳይ ነገሩኝ። ሁለቱን ፊቶች በንጹሕ ወረቀት መሀል ቆንጥጦ ወረቀቱን ጎትቶ ማጽዳት፣ ከዚያ በራቼቱ መዝጋት፣ ዜሮው ከመስመሩ ጋር ካልገጠመ አትፍራ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ለማስተካከያ ናት። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ከ0 እስከ 25 ሙሉውን ስታዞረው አንድ ቦታ ላይ ከበድ ካለና ሌላ ቦታ ላይ ላላ ካለ ብሎኑ ተበልቷል፣ ተወው። ፊቶቹ ላይ ጭረት ወይ ዝገት ካለም ተወው። 25 እስከ 50 ከሆነ ደግሞ ሲዘጋ ዜሮ ስለማይመጣ የ25 ሚሊ ማመሳከሪያ ዘንጉ ሳጥኑ ውስጥ ከሌለ አትግዛ። ንባቡን ሲያስረዱ አንድ ዙር ግማሽ ሚሊ እንደሆነ፣ ዙሪያው በ50 እንደተከፈለ፣ ስለዚህ አንዷ ጭረት አንድ መቶኛ እንደሆነች፣ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው የግማሽ ሚሊዋን መስመር ሳያያት ሲቀር እንደሆነ፣ 6.85 ያለውን 6.35 ብሎ እንደሚጽፍ አስጠነቀቁ። ይሄ በተለይ ለእኔ አደገኛ ነው፣ 6.35 ሩብ ኢንች ስለሆነ ደስ ብሎኝ አምነዋለሁ። ሲቀመጥ ፊቶቹ ተጣብቀው እንዳያድሩ፣ ትንሽ ክፍተት እንድተውም አከሉ።

በዚህ መሀል እኔ ወሰንኩ፦ በመስመር የሚነበበውን ባለ 0.02 ያዝኩ፣ ኩሽኔታውን ኪሴ ይዤ ሄጄ ሁለቱንም ለክቼ ነው፣ ዲጂታሉም መጥፎ አልነበረም ግን መንጋጋው ሲገጠም ጫፉ ላይ ብርሃን ነበረው። ባለሱቁ መጀመሪያ ተገረመ፣ በኋላ እሱም ያለውን ካሊፐር ሁሉ እያወጣ አብሮኝ ይለካ ጀመር። ማይክሮሜትሩን የሚሸጠው ሰው ዋጋ አልወርድም ብሏል፣ ብሎኑ ግን እንደ ቅቤ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ተስፋ አልቆረጥኩም።

31ኛው ሁለቱንም ብትገዛ ኖሮ ይሄ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር አለ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ምክር። 32ኛው ጠፍጣፋ ማመሳከሪያ ጠረጴዛ ለሌለን ወፈር ያለ የመስታወት ቁራጭ ወይም ከኩሽና ጠረጴዛ የተረፈ ግራናይት ለቤት ሥራ እንደሚበቃ፣ ግን መስታወቱ ሥሩ እኩል ካልተደገፈ እንደሚጎብጥ ጠቆመ።

33ኛው የ16ቱ ብስጩ ወንድማችን ነው፣ አዲስ አበባ ላለው የስነ-ልክ ተቋም ሳይልክ የሚያስፈትሽበት ቦታ እዚሁ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። 34 ላይ መምህሯ የምስክር ወረቀት መስጠት ባትችልም የምትሠራበት ቦታ ጌጅ ብሎክ (ልኩ በትክክል የታወቀ የብረት ማመሳከሪያ) ስላለ፣ ፈቃድ ካገኘች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የፈለገ ሁሉ ካሊፐሩን ይዞ ቢመጣ በ10፣ በ25፣ በ50 እና በ100 ሚሊ አብራው እንደምታይ ጻፈች። ስም ማስመዝገብ የሚፈልግ ከዚህ ሥር ይጻፍ፣ የአዘዞው የመጀመሪያው ሆኖ ተመዝግቧል። ካሊፐሩ ተጠርጎ ይምጣ ብላለች፣ ባትሪ የሚፈልግ ከሆነም ባትሪውን ራሳችሁ።